የግድግዳው ሰንጠረዥ

ጥር ፬፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

ሦስተኛው ሰርኩላር፣ የጣልያኖቹ የትእዛዝ ደብዳቤ፣ መጣ። በመዝገቡ ራስጌ ላይ ቁጥሩ ከቀኑ ይቅደም ይላል። ኅዳር ላይ የመጣው ቀኑ ከቁጥሩ ይቅደም ይል ነበር። ስለዚህ ሠላሳ ስምንት ራስጌ ቀድጄ እንደገና ልጽፍ ነው። ከቁጥሩ በኋላ ኮማ፣ ከ«አን.» በኋላ ነጥብ፣ የዐዋጁ ስም በቀይ ቀለም፣ የቀረው በጥቁር። የእኛ ነጠላ ሰረዝ አይፈቀድም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጣልያኖቹ ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጽ/ቤቱ የእኔና የዝንቡ ነው። ደብተሬ፣ አንተም ከተበላሸ ቅጽ ጀርባ የተሰፋህ ነህ፤ በፊትህ የእነሱ ዐዋጅ፣ በጀርባህ የእኔ ጉድ። ስጨርስ ካፖርቴ ገበር ውስጥ ትገባለህ። ቢያገኙህ ለሁለታችንም አይበጅ።

ሥራዬን ላስረዳህ። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ከመያዙ በፊት የተፈረደ ፍርድ ሁሉ እንደገና ይመዘገባል። በአዲሱ አጻጻፍ ከተመዘገበ ይጸናል፣ ካልተመዘገበ ይቀራል። ከተማው ከተያዘ በኋላ በእኛ ዳኛ የተፈረደ ግን ፍርድ አይባልም፣ ሽፍትነት ይባላል። የእኔ ድርሻ ራስጌውን መጻፍ ነው። የድሮውን መዝገብ አነባለሁ፣ የተጠቀሰውን ሕግ በእነሱ ቁጥር እመልሳለሁ፣ ቀኑን ወደ እነሱ ቀን እለውጣለሁ፣ ከላይ በአንድ መስመር አሰፍራለሁ። ከዚያ መዝገቡ የማካሮኒ ሳጥን ውስጥ ይገባና ይቸነከራል። በሁለተኛው ሰርኩላር መሠረት ዳኛው የሚያየው ራስጌውን ብቻ ነው። የድሮ መዝገብ መጥቀስ ክልክል ነው።

በፊት እንዲህ አልነበረም። የሕጉን አንቀጽ በግእዝ መነሻ ቃሉ እንጠራዋለን፣ የቀረውን ዳኛው በቃላቸው ያውቁታል። ቀን ስንጽፍም ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ እያልን ነው። እሱን የመጀመሪያው ሰርኩላር ሰረዘው። አሁን የሚጻፈው የፋሺስት ዘመን ነው፣ ሮም ከገቡበት ቀን ጀምረው የሚቆጥሩት። ዘንድሮ ዐሥራ ስድስተኛ ዓመታቸው ነው።

የሚያሳፍረኝን ልንገርህ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ወድጄዋለሁ። መስመሩ ቀጥ ሲል፣ ኮማው ቦታውን ሲይዝ፣ ቀዩ ከጥቁሩ ሳይነካካ ሲደርቅ ደስ ይለኛል። የማን መስመር እንደሆነ ረስቼ ደስ ይለኛል።

ጥር ፱፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬ ተሸለምሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽ/ቤቱን ሁሉ የሚያስቸግረው የዘመኑ ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰንጠረዥ ሠራሁ። በግራ የእኛ ዓመት፣ በቀኝ የእነሱ። የእኛ ሠላሳ የእነሱ ዐሥራ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ስምንት ዐሥራ አራት፣ እያለ ይወርዳል። ለቀንና ለወሩ ሌላ ሰንጠረዥ ከሥሩ። በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። ዛሬ ካፒቴኑ ገባ። እዚህ ዳኛም አስተዳዳሪም እሱ ነው። ቆሞ አየው፣ በጣቱ ወረደበት፣ «ብራቮ» አለ። ከደረት ኪሱ ብዕር አውጥቶ ሰጠኝ። ጥቁር ነው፣ ጫፉ ወርቃማ፣ ቀለሙን ራሱ የሚጠጣ። አስተርጓሚያችን አቶ ተክሌ፣ ከሐማሴን የመጣ ልዝብ ሰው ነው፣ በጎጃም እንዲህ ያለ ጸሐፊ የለም ብሎሃል፣ አቶ አንዳርጌ፣ አለኝ። እጅ ነሣሁ። ከሚገባው በላይ ጎንበስ አልሁ፤ ወገቤ ያውቀዋል።

ወደ ቤት ስመለስ በአለቃ ፈንቴ ደጅ አለፍሁ። ሌላ መንገድ ነበረኝ፣ እግሬ ለምዶ ነው። መርጡለ ማርያም ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በዓላቱን፣ አጽዋማቱን፣ ዘመን የሚቆጠርበትን። ወደዚህ ከተማ ያመጡኝ፣ የድሮው ችሎት ዋና ጸሐፊ ሳሉ አጠገባቸው ያስቀመጡኝ፣ ሁሉም እሳቸው። ጣልያን ሲገባ ብዕራቸውን ሰቅለው ቤታቸው ተቀመጡ። እኔ ሳምንት እንኳ አልተቀመጥሁም። ልጄ ገና ተወልዳ ነበር፤ ለራሴ የምነግረው ይኸንን ነው።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብራና ይፍቃሉ። ብዕሩን ወደ ውስጥ ኪሴ አሳለፍሁት። ሥራ እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልሁ። ጣቴን አይተው ቀይ ቀለም ነክቶሃል አሉ፣ ሌላ አልተናገሩም። ቤት ገብቼ በአመድ አሸሁት። አልለቀቀም።

ጥር ፲፫፣ ዓርብ

ወ/ሮ የሻረግ መጣች። ከቁይ በኩል ናት፣ ባሏ የሞተባት። የባሏ ወንድም ግራዝማች ሽታሁን እርሻዋን ይገባኛል ብሎ በካፒቴኑ ዘንድ ከሷታል። ድሮ ተከራክረው እሷ ረትታው ነበር። ራስጌዋን ያለፈው ሐሙስ እኔው ጽፌዋለሁ፣ ማኅተም ተደርጎበት ካፒቴኑ ጋ ገብቷል። ወረቀቴ ወጣልኝ ወይ አለችኝ። ወጥቷል፣ አይጨነቁ፣ የድሮ ፍርድ የጸና ነው አልኋት።

በቅል ቅቤ ይዛ መጥታለች። ሁለት ጊዜ መለስሁት። በሦስተኛው ተቀበልሁ፤ ወጉ ነው። ባለቤቴ ባንቺ ቅሉን ከፍታ አሸተተችና እንዲህ ያለ ቅቤ ካየሁ ሁለት ዓመቴ አለች።

ጥር ፲፯፣ ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት

ተጣድፌ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን አትይብኝ።

ጠዋት የየሻረግ ነገር ቀረበ። ግራዝማች ነጭ ካባ ለብሶ መጥቷል። እሷ ነጠላዋን መስቀለኛ አድርጋ በር ሥር ቆማለች። አቶ ተክሌ ራስጌውን አነበበ። ቁጥር፣ ኮማ፣ ዐሥር ኦቶብሬ፣ ዐሥራ አራተኛ ዓመት። ካፒቴኑ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከተማውን የያዝነው በዚያው ዓመት በግንቦት ነው፣ ይህ ፍርድ ከዚያ በኋላ ወደ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ የተሰጠ ነው፣ አለ። ዋጋ የለውም። እርሻው ለግራዝማች።

አላለቀሰችም። ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ብዕሬን አያለሁ። ካፒቴኑ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሲወጡ ወደ ግድግዳው ሄድሁ።

ፍርዱ የተሰጠው መስከረም ፳፱ ቀን ሃያ ስምንት ዓ.ም.፣ በእነሱ ዐሥር ኦቶብሬ ነው። በእኛ አዲስ ዓመት ከገባ ወሩ ሊሞላ ነው። የእነሱ ዘመን ግን የሚለወጠው በጥቅምት፣ ዐሥራ ስምንትና ዐሥራ ዘጠኝ ገደማ ነው። ያን ቀን እነሱ ገና ዐሥራ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበሩ። ዐሥራ ሦስት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሰንጠረዤ ግን ይህን አያውቅም። ዓለም ሁሉ በመስከረም አንድ ቀን የሚጀምር መስሎታል። በአንድ ቁጥር ፍርዱን አንድ ዓመት ወደፊት ወረወርሁት፤ ጣልያን ሳይገባ የተፈረደውን ከገባ በኋላ አደረግሁት።

መዝገቡ ቢወጣ በአንድ አፍታ ይታያል። መዝገቡ ሳጥን ውስጥ ነው። በየትኛው ሳጥን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የቸነከርሁት እኔ ነኝና።

ስለ ዘመን ቆጠራ ሰባት ወር ተቀምጬ የተማርሁ ሰው ነኝ። በዚያው በዘመን ሳትሁ።

ካፒቴኑ ሲነሣ እነግረዋለሁ።

ያው ቀን፣ ወደ ማታ

አልነገርሁትም። ከእንቅልፉ ሲነሣ ተቆጥቶ ነበር። የስልኩን ሽቦ ዐርበኞች ቆርጠውታል አሉ። ነገ።

ጥር ፲፰፣ ረቡዕ

ነገም አልሆነም። ሌላ ሠራሁ። ቀሪዎቹን ራስጌዎች መረመርሁ። በመስከረም የተፈረዱ ሌሎች ሦስት አገኘሁ። ካፒቴኑ ገና አልፈረመባቸውም። በምላጭ ፍቄ አስተካከልሁ፤ አያስታውቅም፣ እጄ ጥሩ ነው። ከሰንጠረዡ ግርጌም አንድ መስመር ጨመርሁ፦ ከመስከረም ፩ እስከ ጥቅምት ፲፰ አንድ ይቀነስ። በጣም አደብዝዤ፣ በጣም አሳንሼ ጻፍሁት፣ መቼ ጻፍኸው እንዳልባል።

የሷን መፋቅ አልችልም። ተፈርሟል፣ ማኅተም አለበት፣ ግልባጩ ሄዷል።

የማይታየውን አርሜ የሚታየውን ተውሁት።

ጥር ፳፩፣ ቅዳሜ፣ የማርያም ዕለት

ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ባንቺ ምነው አመመህ ወይ አለች። ሆዴን ነው አልሁ። ልጃችንን አዝላ ገባች።

ቅዳሴው ሲያልቅ የሻረግ ከአለቃ ፈንቴ ጋር ስትወጣ አየሁ። ዛፍ ሥር ቆመው ብዙ ተነጋገሩ። እሷ ታወራለች፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። በግንቡ ዞሬ ሄድሁ።

ጥር ፳፬፣ ማክሰኞ

አቶ ተክሌ ነገረኝ። አለቃ ፈንቴ ሊመሰክሩላት ጠይቀዋል። ፍርዱን በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ቀኑን አውቀዋለሁ ብለው። ካፒቴኑ ለሰኞ ቀጥሯቸዋል።

በመጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ደስታ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ሳልናገር ይቃናል ብዬ። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ጥር ፴፣ ሰኞ፣ ሰባት ሰዓት

ሁሉንም ልጻፈው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ እዚህም እኔው ልጻፈው።

አለቃ ገቡ። ነጭ ጥምጥም፣ መቋሚያ፣ ያው ብል የነካው ካባቸው። እኔን አዩኝ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። መሰከሩ። ክተት በታወጀ በሳምንቱ ነው፣ ዳኛው ወደ ዘመቻ ሊወጡ ስንቅ እያስጫኑ ነበር፣ የዚህችን ሴት ነገር ሳልፈርድ ብሄድ እግዜር በነፍሴ ይጠይቀኛል ብለው ቆመው ፈረዱ፣ እኔ ጉልበቴ ላይ ጻፍሁ፣ አሉ። ዳኛውስ የት ናቸው ተባለ። ከዘመቻ አልተመለሱም አሉ።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አነሣ። ወረቀቱ ከከተማው መያዝ በኋላ ነው ይላል። አለቃ ወረቀቱ ተሳስቷል አሉ። መዝገቡ ይምጣም አሉ። መዝገብ ማምጣት በሰርኩላር ቁ. ፪ ክልክል ነው ተባሉ።

ከዚያ ነገሩ ዞረ። ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነሣ። ጽፌዋለሁ ብለሃል፣ ወረቀቱ ደግሞ እኛ ከገባን በኋላ ነው ይላል፣ እንግዲያው እኛ እዚህ ተቀምጠን ሳለ በንጉሥህ ስም ችሎት ትውሉ ነበር ማለት ነው። ወይ ሐሰተኛ ምስክር ነህ፣ ወይ ሽፍታ ነህ፣ አለ። አቶ ተክሌ ሲተረጉም ድምፁ ወረደ።

አለቃ ራስጌው እንደገና ይነበብልኝ አሉ። ራስጌው እንደገና ሲነበብ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጣታቸው መቋሚያው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያን የጣት ቆጠራ አውቀዋለሁ፣ እኔንም ያስቆጠሩኝ እንዲያ ነው። ከዚያ ዐይናቸውን ገለጡ። ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው አላዩም። ሌላ የምለው የለኝም አሉ።

ወሰዷቸው። ካፒቴኑ በቃለ ጉባኤው ላይ የተከሰሱበትን አንቀጽ ጥቀስ አለኝ። ጠቀስሁ። ቁጥር፣ ኮማ፣ ቀን፣ ዘመን፣ አን. ነጥብ። በተሰጠኝ ብዕር። አንድ ስሕተት የለበትም።

የካቲት ፫፣ ሐሙስ

ስንቅ በሰፌድ ይዤ እስር ቤት ሄድሁ። ባንቺ ናት የላከችኝ፣ በራሴ አልሄድም ነበር። እስር ቤቱ የድሮው እህል ጎተራ ነው። ዘበኛው እንጀራውን እየቆራረሰ ፈተሸ።

አለቃ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸውን ወስደውባቸዋል። ራሳቸውን ሳይሸፈን አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፣ መናገር ጀመረች ወይ ብለው። ጀመረች አልሁ።  ከዚያ እንደ ጥንቱ፣ መርጡለ ማርያም ዛፍ ሥር እንደሚጠይቁኝ፣

«ዘመን መቼ ይብታል?» አሉኝ።

«በመስከረም ነዋ፣ አለቃ።»

«ለሁሉ ነወይ?»

 ጠበቁኝ። ተማሪ ሳለሁም ይጠብቁኝ ነበር፤ እስካገኘው ድረስ።

«አይደለም፣» አልሁ።

«እህ፣ አይደለም። ያን ጊዜ ሲነበብ ቆጠርሁት። አንዳርጌ ልጅ ያለው ነው አልሁና ተውሁት።» ውኃ ጠጡ። «እኔስ ያረጀሁ ነኝ፣ ኸዚህም ኸዚያም ያው ነው። የሻረግ ግን ዘንድሮ ምኑን ታርሳለች?»

ሌላ አልጨመሩም። ተናገር አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ፣ መቋሚያቸውን ቢያነሡብኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እናገራለሁ ማለት ነበረብኝ።  ሰፌዱን እዚያው ረስቼ መጣሁ።

የካቲት ፱፣ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት

አራተኛው ሰርኩላር። በራስጌ ላይ ስሕተት የሠራ ጸሐፊ በቅጽ ያስታውቅ ይላል። ቅጹ አምስት ዓምድ አለው፦ የተሳሳተው ራስጌ፣ ትክክለኛው፣ ዋናው መዝገብ ያለበት ሳጥንና ገጽ፣ የጸሐፊው ስም፣ ምክንያት። ራሱ ያስታወቀ እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀጣል። ደብቆ የተገኘ ሰነድ አጭበርባሪ ተብሎ ይያዛል። በትክክል የተሞላ ቅጽ ካለ ሳጥኑ ይከፈታል።

ሳጥኑ ይከፈታል። ይህን መስመር አሥር ጊዜ አነበብሁት።

አቶ ተክሌ ሲተረጉምልኝ ቆይቶ ወደ ግድግዳው አየ። ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለችውን ትንሽ መስመር። «እኔ አላየሁም፣ አቶ አንዳርጌ፣» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ያላየሁትን ግን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል።» ቅጣቱ ምን ያህል ነው ብዬ ጠየቅሁት። በሌላ ሬዚደንት፣ በጣልያን አገረ ገዥ፣ ጽ/ቤት አንዱ ጸሐፊ ለአንድ ቁጥር ተገረፈ፣ ሌላው ቦታ ብቻ ተለወጠ። እንደ ካፒቴኑ ቁርስ ነው አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

እስረኞቹም ሰኞ የካቲት ፳፩ በካሚዮን ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ። አለቃ ፈንቴ በዝርዝሩ ላይ አሉ። ዝርዝሩን ማን ጻፈው? አትጠይቀኝ።

የካቲት ፲፭፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሙሉ ቀን ጫካ ለመግባት አሰብሁ። የባንቺ ወንድም ጮቄ ላይ ከዐርበኞች ጋር ነው። ጸሐፊ ይፈልጋሉ፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው። እሄዳለሁ፣ ጠመንጃ እይዛለሁ፣ የጣልያንን ብዕር ጥሎ ጫካ የገባ ይሉኛል። ከብዕሩ ጫፍ ጥይት እሠራለሁ ብዬ ሁሉ አሰብሁ። ሞኝነት አይደለም?

ምሳ ሰዓት ላይ ገባኝ። ብሸሽ የሻረግ እርሻዋን አታገኝም። አለቃ በካሚዮኑ ይሄዳሉ። ሳጥኑን የሚያውቀው ሰው ጮቄ ላይ ተቀምጦ ጀግና ይባላል። በመላ አገሩ መሸሼ ጀግንነት የሚባልልኝ ብቸኛ ቦታ እዚያ ስለሆነ ነው የፈለግሁት። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

የካቲት ፲፱፣ ቅዳሜ

ቅጹን ከመሳቢያ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ዓምድ ሞላሁ። አቶ ተክሌ ሲገባ ከሌሎቹ ወረቀቶች ሥር ከተትሁት። ተመልሶ ሲወጣ አላወጣሁትም።

የካቲት ፳፣ እሑድ፣ የቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። በቤት ያለ ቅቤ ሁሉ ዛሬ ማለቅ አለበት። ባንቺ ዶሮ ሠራች። ወጡ መሐል ቢጫ ሆኖ የሚንሳፈፈው የየሻረግ ቅቤ ነው። ብላ አለችኝ። ጎረስሁ። ሁለተኛ አልጎረስሁም። ተነሥቼ ውጭ ወጣሁ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ።

ተከትላኝ ወጣች። ነገርኋት። ከሰንጠረዡ ጀምሮ፣ ምላጩን፣ የአለቃን ጣት፣ ጮቄን፣ ሁሉንም። ደብተሬ፣ ካንተ በቀር ለማንም ያልነገርሁትን። ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

 ልጅቱ ከውስጥ ታለቅሳለች፣ ባንቺ አልሄደችላትም።

«ቢገርፉህስ?» አለች።

«እንጃ።»

«ቢያስሩህስ?»

«እንጃ፣ ባንቺ።»

«እሳቸው ለእኛ ሲሉ ዝም አሉ ማለት ነው።» ከዚያ ተነሣች። «ልጄን በሳቸው ዝምታ አላሳድጋትም፣» አለችና ገባች።

ቅሉን ከነቀረው ቅቤ ይዛ ወጣች፣ በቅጠል ሸፈነችው። ነገ ማለዳ ለየሻረግ እመልሰዋለሁ አለች፤ ጾም ስለሆነ አትበላውም፣ ግን የሷ ነው። ይህን እንድታደርግ እኔ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

የካቲት ፳፩፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ጽ/ቤት ነኝ። ገና ማንም አልመጣም። ካሚዮኑ ከእስር ቤቱ ደጅ ቆሟል፣ ሾፌሩ ውኃ ይሞላል። የሚነሡት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ካፒቴኑ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ እሰጠዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ከተቀመጠ በኋላ ድፍረት እንደማይኖረኝ አውቃለሁ።

ቅጹ ሞልቷል። የተሳሳተው ራስጌ። ትክክለኛው፣ ዐሥራ ሦስተኛ ዓመት። ሳጥንና ገጽ። ስም፦ አንዳርጌ፣ ከነአባቴ ስም። ሌሎቹንም ሦስቱን፣ በምላጭ የፋቅኋቸውን፣ ከሥር ጨመርሁ። ካላሰፈርኋቸው መፋቃቸው የታወቀ ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ይከፍላል።

ምክንያት በሚለው ላይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ «የዘመን አቆጣጠር ልዩነት» ብዬ ጻፍሁ። እውነት ነው፣ አቶ ተክሌም ደህና ብሎ ይተረጉመዋል። ግን ያ የሚያስረዳው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ከጥር ፲፯ እስከ ዛሬ ያለውን አያስረዳም። ሰረዝሁት። ከላዩ አንድ ቃል ጻፍሁ፦ ፈራሁ።

ለአቶ ተክሌ ለመተርጎም ቀላል ቃል ነው።

ልንገርህ፣ አሁንም፣ ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ መስመሩ ቀጥ ማለቱን አየሁ። ኮማዎቹን ቆጠርሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ፤ ይህን በእርሳስ ነው የምጽፍልህ። ሰንጠረዡን ከግድግዳው ገንጥዬ ከቅጹ ጋር አያይዤዋለሁ። አንተን ባንቺ በር ላይ ሆና ትጠብቅሃለች፣ ከአጥሩ ውጭ አያታለሁ፣ ቅሉን ይዛለች። ፊደል ለይታለች፣ ቀስ ብላ ታነብሃለች። ቅጹ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ፣ እኔም ባልመለስ፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለምና እዚህም ልተወው። በድሮው አጻጻፍ፣ አለቃ እንዳስተማሩኝ፦

ሦስተኛው ሳጥን፣ ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ በመስከረም ፳፱ ቀን ፲፱፻፳፰ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በአለቃ ፈንቴ እጅ የተጻፈ፣ የወይዘሮ የሻረግ የእርሻ ፍርድ።